«ራሷን ቅቤ ጠምቶት ነው»፦ የፎረፎር፣ የወዛም ራስ ቆዳና የቲ ትሪ ሻምፑ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲ ባለሙያነት እሠራለሁ። ፎረፎር የሚያጠፋ ሻምፑ የሚጠይቅ ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። አብዛኛው ሰው ዕቃውን ገዝቶ ይሄዳል፤ ተሻለው ወይስ አልተሻለው፣ እንዴት ተጠቀመበት፣ ለምን ተወው የሚለውን እኛ አንሰማም። ይህች ወጣት ግን ከጥር እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. እየተመላለሰች የሠራላትንም ያልሠራላትንም አንድ በአንድ ነግራኛለች። እናቷም መጥተው አነጋግረውኛል። ከእነሱ የሰማሁት ነገር፣ ሻምፑ ለሚገዛ ሰው የማቀርበውን ጥያቄ ለውጦታል። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ጽሑፉ በፈቃዷ የተጻፈ ነው። ስሟን፣ የምትሠራበትን ፋብሪካም ሆነ ያከማትን ሐኪም አልጠቅስም።

ባለጉዳይዋ

ዕድሜዋ 24 ነው። ደሴ ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በስፌት መኪና ላይ ትሠራለች። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተሰቦቿ ትወጣለች። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የሃረጎን ዳገት ቁልቁል የወረደ ሰው ሹራቡን ማውለቁ አይቀርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን 1,900 ሜትር አትሞላም።

በፋብሪካው ፀጉር በመኪናው እንዳይያዝ ሠራተኛው ሁሉ ኮፍያ ያደርጋል። እሷ ከኮፍያው ሥር ሻሽ ትጠመጥማለች። ራሷ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ በሁለት ጨርቅ ታፍኖ ያልበዋል። ፀጉሯ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ሹሩባ ትሠራለች፤ ሹሩባው እንዳይበላሽ ሲባል በመካከሉ አይታጠብም።

ይዛው የመጣችው ችግር

ጥር 6 ቀን መጣች። «ዶክተር፣ የመጨረሻውን ጠንካራ ሻምፑ ስጪኝ» አለችኝ። እዚህ አገር መድኃኒት ቤት የቆመን ሁሉ ዶክተር ማለት የተለመደ ነው። ስታወራ ሦስት ጊዜ ትከሻዋን በእጇ ጠረገች። ትከሻዋ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

የፋብሪካው የደንብ ልብስ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከአንድ ወር በፊት ተቆጣጣሪዋ በሥራ ጓደኞቿ ፊት የልብስ ብሩሽ ሰጥታት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ከሰው ጋር አትበላም። አብረዋት የሚኖሩት ልጆችም ይተላለፍብናል ብለው ትራሷንና ማበጠሪያዋን ለይተውባታል። ማታ ማታ ራሷን ሲያሳክካት እንቅልፍ አትተኛም። ከታጠበች በሁለተኛው ቀን ፀጉሯ ሥሩ ላይ ቅባት የተቀባ ይመስላል።

መርፌ በምንወጋበት ክፍል ከመጋረጃው በስተጀርባ ሻሿን ፈትታ አሳየችኝ። ሹሩባው በመስመር በመስመር የሚከፍተው ቆዳ ቀልቷል፤ ከፀጉሩ ሥር የተጣበቀው ቅርፊት ወደ ቢጫ ያደላ ነው። ከጆሮዎቿ ጀርባና በግንባሯ የፀጉር ጠርዝም አለ። ከቅርፊቱ አንዱን በጓንት አንስቼ በሁለት ጣቶቼ መካከል አሸሁት። ደረቅ ቅርፊት እንዲህ ሲታሽ እንደ ዱቄት ይበናል። ይህኛው ግን እንደ ሻማ ፍርፋሪ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ንጹሕ ሶፍት መሃል አናቷ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ ወደ መብራቱ አነሳሁት። ሶፍቱ መሃሉ ላይ ብርሃን አሳላፊ ሆኗል፤ ፓስቲ የተጠቀለለበት ወረቀት ይመስላል።

ከአናቷ በስተግራ ደግሞ የተለበለበ የሚመስል ቁስል ነበር። ምን እንደነካው ስጠይቃት አቀረቀረች።

ከዚያ በፊት የተሞከረው

በመጀመሪያ ሎሚ ቀባች፤ አቃጠላት፤ ተወችው። ቀጥሎ አብረዋት ከሚኖሩት ልጆች አንዷ «ቲ ትሪ ለፎረፎር ፍቱን ነው» የሚል ነገር ስልኳ ላይ አይታ ነገረቻት። ስሙን በቃል ሲተረጉሙት «የሻይ ዛፍ» ሆነላቸው፤ ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ራሷን በቀዘቀዘ ሻይ አለቀለቀች። ቲ ትሪ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ዝምድና የለውም። ሜላሉካ አልተርኒፎሊያ የሚባል፣ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ዘይቱ የሚገኘው ከቅጠሉ በእንፋሎት ተጣርቶ ነው። ከባሕር ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የእናቶቻችን ቅቤ የሚሸትበት አደስም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከዚያ አንድ ሱቅ ቅጠል የተሳለበት አረንጓዴ የሻምፑ ጠርሙስ አገኘች። ሁለት ወር ተጠቀመችበት። አጠቃቀሟን ደረጃ በደረጃ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሹሩባው ሲፈታ፣ ፀጉሯ ላይ አፍስሳ አረፋውን ካስነሳች በኋላ ወዲያው ታለቀልቀዋለች። በሁለት ወር ውስጥ ሻምፑው ራሷን የነካው ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ለውጥ ስታጣ «ሻምፑው ደካማ ነው» ብላ ያልተበረዘ የቲ ትሪ ዘይት ገዛች። በጥጥ ነክራ ማታ አናቷ ላይ አድርጋ፣ ሻሽ አስራ ተኛች። ጠዋት ቆዳዋ ተልጦ ነበር። ያየሁት ቁስል ይህ ነው። ጠርሙሱን በሚቀጥለው ሳምንት አመጣችልኝ፤ የሱቁ መስታወት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየ መሆኑን ከደበዘዘው ወረቀቱ ማወቅ ይቻል ነበር። የቲ ትሪ ዘይት አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ የተበላሸው ዘይት ቆዳን ከአዲሱ ይበልጥ ያስቆጣል፤ አለርጂም ያስከትላል።

ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፣ ልትወጣ ስትል፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረች። «ለነገሩ እማ በየሁለት ሳምንቱ ቅቤ ትቀባኛለች። ራስሽ ደርቆ ነው የሚረግፈው፤ ቅቤ ጠምቶት ነው ትላለች።»

ችግሩ በእኔ አስተያየት

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የሚረግፍ ነገር ያየ ሰው ድርቀት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የበጋ ብርድ የነካው እጅ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ሲደርቁ ይላጣሉ፤ ቅባት ሲያገኙ ይለሰልሳሉ። የፎረፎር ቅርፊት ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ማላሴዝያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ ይኖራል። የሚያስፈልገውን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከራስ ቆዳ የሚወጣውን ወዝ ይመገባል። ወዙን ሰባብሮ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ኦሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ የተጋለጡ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል። የተቆጣ ቆዳ ሕዋሶቹን ከወትሮው ፈጥኖ ያራግፋል፤ እነሱም በደንብ ሳይበስሉ ተጣብቀው ይረግፋሉ። ትከሻ ላይ የምናየው ይህ ነው። ቅቤ ደግሞ ራሱ ኦሌይክ አሲድና ፈንገሱ የሚመገባቸውን ሌሎች ስቦች በብዛት የያዘ ነው። እናትየዋ በፍቅር የሚቀቡት ቅቤ የልጃቸውን ሕመም ይቀልብ ነበር።

የቲ ትሪ ዘይት ውስጥ ያለው ተርፒነን-4-ኦል ይህን ፈንገስ ይዋጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በ126 ሰዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ያለውን ሻምፑ ለአራት ሳምንት የተጠቀሙት ሰዎች ፎረፎር በ41 በመቶ ሲሻል፣ ዘይቱ የሌለበትን የተጠቀሙት በ11 በመቶ ተሽሏል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ግን 41 በመቶ መሻል እንጂ መዳን አይደለም፤ የተገኘውም በ5 በመቶ ነው። ዘይቱ የወዝ ዕጢዎችን ሥራ አይቀንስም፤ ራስ ወዛምነቱን ይዞ ይቀጥላል። የሚያጥበው ሳሙናው ነው፤ ፈንገሱን የሚያዳክመው ዘይቱ ነው።

የእሷን አረንጓዴ ጠርሙስ ጀርባ አብረን አነበብነው። በመቶ ስንት እንደሆነ አልተጻፈበትም። የመዋቢያ ዕቃ ይዘት በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው የሚዘረዘረው፤ ከአንድ በመቶ በታች የሆኑት ብቻ እንደፈለጉ ይሰለፋሉ። በዚህኛው ላይ ውሃ፣ አረፋ ሰጪዎቹ፣ ጨው፣ ከዚያ ሽቶ ነበር። የቲ ትሪ ዘይት ስም የመጣው ከሽቶው በኋላ ነው። ከሽቶ በታች የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ አይደርስም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ ሹሩባውን አስፈታናት። ያልተበረዘውን ዘይት አስጣልኳት። የተለበለበው ቦታ እስኪያገግም ድረስ ለአንድ ሳምንት የሕፃናት ሻምፑ ብቻ ሰጠኋት። ቅቤውን እንድታቆምም ነገርኳት። «እሷን ማን ይነግራታል?» አለችኝ።

ጥር 13 ቀን እናቷን ይዛ መጣች። እናትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ግን እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በቅቤ ነው። የአንዳቸውም ራስ እንዲህ አልሆነም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅቤ ፎረፎር የሌለበትን ሰው ፀጉር ያለሰልሳል፤ መሰበሩንም ይቀንሳል። ስለ ፈንገሱ ብነግራቸው እንደማይዋጥላቸው ስለገባኝ፣ ሶፍት አውጥቼ የልጃቸው አናት ላይ ተጫንኩና ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ያዙት። ቅቤ ከተቀባች ስንት ቀን እንደሆናት ጠየቅኋቸው። ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታጥባለች። «እናቴ፣ ይህ ራስ የደረቀ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ሶፍቱን በጣታቸው እያሹ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጠግቦ ነዋ የሚተፋው» አሉ። እኔ በሃያ ደቂቃ ማስረዳት ያልቻልኩትን በሦስት ቃል ጨረሱት። የቲ ትሪ ዛፍ የአደስ ዘመድ መሆኑንም ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው።

አዲስ ሻምፑ ወዲያው አላስገዛኋትም። ደመወዟ ከሁለት ሺህ ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ መጠኑ የታወቀው ሻምፑ ደግሞ ደሴ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው፤ ዋጋው 650 ብር ነበር። ስለዚህ የያዘችውን አረንጓዴ ጠርሙስ በትክክለኛው መንገድ እንድትጨርሰው ተስማማን። መንገዱ ይህ ነው። ፀጉሩ በጣት ተከፋፍሎ ሻምፑው የሚደርሰው ቆዳው ላይ ነው፤ የፀጉሩ ጫፍ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። መጀመሪያ አንድ ዙር ታጥቦ ይለቀለቃል፤ ይህ ቅባቱን ለማንሳት ነው። ሁለተኛው ዙር አረፋ በጣት ጫፍ፣ ጥፍር ሳይነካው፣ ከታሸ በኋላ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ደሴ ስትሆን እናቷ ቡና መቁላት ሲጀምሩ ታሸዋለች፤ ቡናው ሲደርስ ትለቀለቃለች። ኮምቦልቻ ስትሆን በስልኳ ትቆጥራለች። ሳይደርቅ ሻሽ አይታሰርም። ሻሾቹና የትራስ ልብሱ በየሳምንቱ ይታጠባሉ። ኮፍያውን በምሳ ሰዓት አውልቃ ራሷን ታናፍሰዋለች።

አብረዋት ለሚኖሩት ልጆችም መልእክት ላክሁ። ፈንገሱ በእነሱም ራስ ላይ አለ፤ ፎረፎር በማበጠሪያና በትራስ አይተላለፍም። ከሁሉም እርምጃ ፈጥኖ የሠራው ይህ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንደኛዋ አብራት መጥታ ከመድኃኒት ቤቱ ውጭ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ተሳስቼአለሁ። በየሁለት ቀኑ እንድትታጠብ ነበር ያልኳት። የራሷን ፀጉር ዓይነትና የቤቷን ውሃ አልጠየቅሁም። ግቢው ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንዱ ለሦስት ሰው ይካፈላል። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ይመሻል፤ እርጥብ ፀጉር ይዛ መተኛት ነበረባት። በአንድ ሳምንት ውስጥ የፀጉሯ ጫፍ ደርቆ መሰበር ጀመረ። «አንቺ ያልሽኝን ሳደርግ ፀጉሬ አለቀ» ስትለኝ ደነገጥኩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ አደረግነው፤ ለጫፉም ኮንዲሽነር ጨመርንበት።

በአረንጓዴው ጠርሙስ ለሦስት ሳምንት፣ እስከ የካቲት 4 ድረስ፣ ቆየች። ማሳከኩ ከአሥር ስንት ነው ስላት መጀመሪያ ስምንት ብላኝ ነበር፤ አሁን አምስት አለች። ወዙ ከሁለተኛው ቀን ወደ አራተኛው ቀን ተሻገረ። ቅርፊቱ ግን ብዙም አልቀነሰም። ቅቤው ከቆመና ራሷ በወጉ ከታጠበ ብቻ ይህን ያህል መሻሏ ተገቢ ነው፤ ለውጡን ለሻምፑው ቅጠል አልሰጥም።

ከየካቲት 4 እስከ መጋቢት 2፣ ለአራት ሳምንት፣ 5 በመቶ መሆኑ የተጻፈበትን ሻምፑ ተጠቀመች። አስቀድማ በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ቀብታ ታጥባው ሁለት ቀን ጠብቃለች፤ አንድ ጊዜ በዘይቱ የተቆጣ ቆዳ ሁለተኛም ሊቆጣ ስለሚችል በዚህ ላይ አጥብቄ ነበር። አልተቆጣም። በአራተኛው ሳምንት ጥቁር ጨርቅ ዘርግተን ፀጉሯን አሥር ጊዜ አበጠርነው። መሃል አናቷ ጠርቷል ማለት ይቻላል። ማሳከኩ ሁለት ደርሷል። የተለበለበው ቦታም ፀጉር አብቅሏል።

ከጆሮዎቿ ጀርባና የግንባሯ ጠርዝ ግን ያው ነበሩ። ቀይ ናቸው፤ ቢጫው ቅርፊት አልለቀቀም። ሻምፑው ይቀጥል ብላት ትቀጥል ነበር፤ ታምነኛለች። እኔ ግን አራት ሳምንት ይበቃል ብዬ ወደ ሐኪም ላክኋት። ሐኪሙ ሴቦሪክ ደርማታይተስ (ወዛም ቆዳ ላይ የሚወጣ የተቆጣ ፎረፎር) መሆኑን አረጋግጦ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት 2 በመቶ ያለበት ሻምፑ አዘዘላት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀለቅ፣ ለአራት ሳምንት። አረፋውን ከጆሮ ጀርባና ግንባር ጠርዝ ድረስ እንድታወርደው ነገርኳት። ረመዳን መጋቢት 14 ስለገባ ትጥበቱን ከኢፍጣር በኋላ አደረገችው። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ስትመጣ ጆሮዎቿ ጀርባ ንጹሕ ነበር። ዋጋው ደግሞ ከቲ ትሪው ከግማሽ በታች ነበር።

ይህን በግልጽ መናገር እወዳለሁ። የተቆጣ፣ ወደ ጆሮና ግንባር የወረደ ፎረፎር ያለበት ሰው ከመጀመሪያው በኬቶኮናዞል ቢጀምር ጊዜና ገንዘብ ይተርፈዋል። ዛሬ እንደ እሷ ያለ ሰው ቢመጣ እንዲህ ነው የማደርገው። ቲ ትሪ ቦታ አለው፤ ቦታውም ቀለል ያለ ፎረፎርና ከሕክምናው በኋላ ያለው የጥበቃ ጊዜ ነው።

ከዒድ በኋላ

ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ነበር። ከሁለት ቀን በፊት እናቷ ራሷን ቅቤ ቀቧት፤ ከዚያ ሹሩባ ተሠራች። ግንቦት 5 ስትመጣ ሹሩባው ገና አልተፈታም። ማሳከኩ ወደ ስድስት ተመልሷል፤ ቅርፊቱም እንደዚያው። በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። አፍራለች። የምቆጣት መስሏት ነበር።

ምን ብዬ እቆጣለሁ? ለበዓል የልጅን ራስ ቅቤ መቀባት በወሎ ምርቃት ነው። የዓመት በዓል ቅቤ እምቢ ያለች ልጅ እናቷን አስከፍታለች። እኔ «ቅቤ አቁሚ» ያልኳት ለዘለዓለም እንደሆነ አድርጌ ነው፤ በዓል የሚባል ነገር እንዳለ ማሰብ ነበረብኝ።

ስለዚህ ሌላ ዕቅድ ከእናትየዋ ጋር ወጣ። ቅቤው የሚቀባው ከጆሮ በታች ላለው ፀጉር ብቻ ነው፤ ቆዳ አይነካም። ማታ ከመተኛት በፊት ይታጠባል። የምርቃቷን ቅቤ ግን እናትየዋ እንዲተዉ አልጠየቅኋቸውም፤ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት መሃል አናቷ ላይ ያኖራሉ፤ ማታ አብሮ ይታጠባል። ሹሩባው ከአሥር ቀን አይበልጥም፤ መስመሩ ሰፋ ተደርጎ ይሠራና ረቡዕ ረቡዕ ሻምፑ በውሃ ተበርዞ በመስመሮቹ መካከል ይፈስሳል። ኬቶኮናዞሉን ለሁለት ሳምንት ደገመች። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እሱን፣ በቀሩት ቀናት ቲ ትሪውን ትጠቀማለች።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

ሻምፑ የሚጠይቀኝን ሰው አሁን በመጀመሪያ የምጠይቀው «ራስህን ምን ትቀባለህ?» ብዬ ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ዘይት፣ የወይራ ዘይት፤ ሰው እነዚህን እንደ ሕክምና አይቆጥራቸውም፤ ስለዚህ ካልተጠየቀ አይናገርም። የወይራ ዘይትም ቢሆን ለዚህ ፈንገስ ቀለብ ነው። መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው መደርደሪያውን የምመለከተው።

ስለ ቲ ትሪ የሚጠይቅ ሰው ጠርሙሱን ገልብጦ ያንብብ። በመቶ ስንት እንደሆነ ካልተጻፈና ስሙ ከሽቶው በታች ከመጣ፣ የሚገዛው ጥሩ ሽታ ያለው ሻምፑ ነው። ጠብታ እየጨመሩ ራሴ ላጠንክረው የሚሉም አሉ። አልመክርም። ዘይቱ በሻምፑው ውስጥ እኩል አይበተንም፤ አንዱ እፍኝ ባዶ፣ ሌላው የሚለበልብ ይሆናል። ያልተበረዘውን ዘይት ቆዳ ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሲዋጥ መርዝ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ደቂቃው ይቆጠር። ሻምፑው መድኃኒት ከሆነ፣ ክኒን አፍ ውስጥ አድርጎ እንደመትፋት ነው ወዲያው ማለቅለቁ። አራት ሳምንት በትክክል ተጠቅሞ ያልተሻለው ሰው ጠርሙስ ሲቀያይር ከሚከርም ሐኪም ይየው። የቆዳ ሕክምና የሚፈልግ ለደሴ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። መግል ካለ፣ ፀጉር በክብ በክብ ከተነቀለ፣ ወፍራም የብር ቀለም ያለው ቅርፊት ክርንና ጉልበት ላይም ከታየ አራት ሳምንት መጠበቅም አያስፈልግም።

ፎረፎር ተመላሽ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን መናገር ይገባል፤ ያልተነገረው ሰው ሲመለስበት ሕክምናውን ይጠላል፤ ራሱንም ይወቅሳል። በር ላይ ቆማ አልገባም ያለችውን ልጅ እያሰብኩ ነው ይህን የምለው።

የመጨረሻው ጉብኝት

ሐምሌ 8 ቀን እናትና ልጅ አብረው መጡ። ማሳከኩ አንድ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ራሷ አሁንም በአራተኛው ቀን ይወዛል፤ ይህ ተፈጥሮዋ ነው። ምሳዋን ከባልደረቦቿ ጋር ትበላለች። ስታወራ ግን አሁንም ትከሻዋን ትጠርጋለች።

እናትየዋ አንድ ሻምፑ ጨምሬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ለጎረቤታቸው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ «እሱም ራሱ ይረግፋል፤ የእሷ ዓይነት ነው» አሉኝ። ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርጄ ነበር። ፀጉሩ ተነቃቅሎ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እንዴ፣ ሦስት ቦታ! እንደ ሳንቲም ክብ ክብ» አሉ። ልጁን ይዘውት እንዲመጡ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ እናቱ አዝላው መጣች። ክቦቹ ውስጥ የተሰበረው ፀጉር ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያው ግራጫ ቅርፊት ነው። የራስ ቆረቆር ነበር። ይህ ፈንገስ ሌላ ነው፤ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ሻምፑ ብቻውን አያድነውም፤ እንደ ግሪሲኦፉልቪን ያለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ይህኛው በማበጠሪያና በኮፍያም ይተላለፋል። ለጤና ጣቢያው ማስታወሻ ጽፌ ለእናቱ ሰጠኋት፤ የወንድሞቹንም ራስ እንዲያዩላት ጨምሬ ጻፍኩ። ሻምፑውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት።